ያለ ነጭ ጋዋን ጤና ዘርፍ ለመግባት፦ ለመሳለሚያ የፖሊሲ ተማሪ

ፖሊሲ ወይም የሕዝብ አስተዳደር የሚማር ልጅ ያለበት ቤት፣ ዘመድ ሲጠይቅ «ታዲያ ቀበሌ ልትገባ ነው?» ይላል። ጤና ጣቢያ ትሠራለህ የሚለው የለም። ለካርድ ስንት እንደሚከፈል፣ ማን በነፃ እንደሚታከም፣ ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው ስንቱን ለመድኃኒት እንደሚያውል የሚወሰነው ግን ሕክምና ክፍል ውስጥ አይደለም። በዚህ በኩል በር አለ፤ አገባቡ እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ምረጡ። «በጤና ፖሊሲ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት መርካቶ ገብቶ «ዕቃ ስጡኝ» እንደማለት ነው። የእናቶች ጤና፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የትምባሆ ቁጥጥር፣ የጤና መድህን፤ ከእነዚህ አንዱን ያዙ። መሳለሚያ ላደገ ሰው የእኔ ምክር መድህን ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከደጃችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን የነደፈችው ሁለት ዓይነት መድህን ነው። አንደኛው ለደመወዝተኛ የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድህን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ታወጀ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም 3 ከመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። ሁለተኛው ደመወዝ ለሌለው ገበሬና ነጋዴ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፋ። የመጀመሪያው ሕግ ኖሮት ዘገየ፤ ሁለተኛው በሙከራ ተጀምሮ ሮጠ። ለምን? ይህን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ሰው ከብዙ የማስተርስ ተመራቂ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሰፈራችን የእህል ገበያ፣ ወደ እህል በረንዳ እንምጣ። የገጠሩ አባወራ የማኅበረሰብ አቀፍ መድህኑን ዓመታዊ መዋጮ እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ብር ባለበት ወቅት ይከፍላል። ጆንያ የሚሸከመው ወጣት ግን መኸር የለውም፤ የዕለት ገቢውን ዕለት በዕለት ያጠፋል። የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ከየት ያምጣ? ከክፍለ ሀገር መጥቶ በየሌሊቱ እየከፈለ የሚያድረው የነዋሪነት መታወቂያ ከሌለው በየትኛው ወረዳ ይመዝገብ? ቤተሰቡ ገጠር፣ እሱ እዚህ ከሆነ በማን የመድህን ደብተር ይታከማል? በዕቁብ መልክ በሳምንት በሳምንት ቢሰበሰብስ፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል? እነዚህ የፖሊሲ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስቴቶስኮፕ አይፈልጉም።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመልከቱ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ ያለ ደብዳቤ ጥበቃው አያስገባችሁም፤ ልክም ነው። የካርድ ክፍሉን፣ የገንዘብ ተቀባዩን መስኮትና የመድኃኒት ቤቱን ሰልፍ ተከታተሉ። የመድህን ደብተር የያዘ ሰው መድኃኒት አልቋል ሲባል ምን እንደሚያደርግ እዩ። የሕሙማንን ስምና በሽታ ማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ፤ ለእናንተ የሚያስፈልገው አሠራሩ ነው። የወረዳውን የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደግሞ «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ብቻ ሳይሆን «ስንቱ በሁለተኛው ዓመት አሳደሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ወሬ የሚያወጣው።

ሰነዱን አንብቡ፣ ቁጥሩንም ልመዱ። በሽግግር መንግሥቱ ዘመን የወጣውን የጤና ፖሊሲ፣ ከ1990 ዓ.ም. የጀመረውን የጤና ልማት ፕሮግራም፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን የትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች አንብቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ታሪክም አይለፋችሁ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት መመደብ የአስተዳደር ውሳኔ ነበር፤ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ተሠማሩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህን ቁጥር በቃል ማወቅ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣ፣ የስሕተት ወሰኑ ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳትም ልመዱ። ኤክሴል የግድ ነው፤ ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስገቡበትን ዲኤችአይኤስ ቱንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ትምህርት ቤቱን በሥራው ምረጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደርና በፖሊሲ ያስተምራሉ። መንግሥት ቤት ከተቀጠራችሁ በኋላ በመሥሪያ ቤታችሁ ድጋፍ መማር ኪስ ያተርፋል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ደግሞ ከጤናው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከጤና መስክ መሆኑን ስለሚያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው መንገድ የሆስፒታል አስተዳደር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጤና ሚኒስቴር ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት ያስጀመረው ሆስፒታል በሙያው በሠለጠነ ሥራ አስፈፃሚ እንዲመራ ነበር። ለየትኛውም ቢሆን ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አትርሱ።

ሁለት ገጽ ጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ማንም ኃላፊ አያነበውም። ሁለት ገጽ ግን ያነባል፦ ችግሩ በአንድ አንቀጽ፣ ማስረጃው፣ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ፣ የእያንዳንዱ ወጪና ማን እንደሚከፍለው። «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» የሚል ምክረ ሐሳብ ካያችሁ ሰርዙት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በወጉ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመሳለሚያ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ያለው፣ የሰፈሩ ሰው ፓስተር የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለውሳኔ ሰጪዎች የሚሆን የማስረጃ ማጠቃለያ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

በመጨረሻ ሥራውን በትክክለኛው ስም ፈልጉት። «የፖሊሲ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አይወጣም። የዕቅድና በጀት፣ የክትትልና ግምገማ፣ የጤና መድህን፣ የፋይናንስ፣ የግዥ ባለሙያ የሚሉትን ፈልጉ። ወረዳና ክፍለ ከተማ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ጋዜጦች ላይም ይወጣል። የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎትን፣ የከተማውን ጤና ቢሮ፣ የውጭ ድርጅቶችን ፕሮጀክቶችም ተከታተሉ። ፕሮጀክት የተሻለ ይከፍላል፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ግን ያልቃል። እኔ ብመርጥ መጀመሪያ ወረዳ እገባለሁ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም መዋጮው የሚሰበሰበውም፣ በነፃ የሚታከሙት ስም ዝርዝር የሚዘጋጀውም እዚያ ነው። ማመልከቻው ላይ ያችን ሁለት ገጽ አያይዟት፤ ቃለ መጠይቁ ላይም ስለ እሷ እንዲጠይቋችሁ ሦስት ትርፍ ቅጂ ይዛችሁ ግቡ።