የዜሮዋ ቦታ፦ የቅድመ በረራ ስሕተትና የአቅጣጫ መሪ መሣሪያዎች ደኅንነት

አሕጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከበረራ በፊት ወደ አቅጣጫ መሪ መሣሪያዎች የሚገቡ አኃዞች ሲሳሳቱ፣ ስሕተቱ ለምን ሳይታረም እስከ አየር ላይ እንደሚዘልቅ ይመረምራል። በ1989 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የደረሱ ሁለት አጋጣሚዎችን በማነጻጸር፣ ለደኅንነት ወሳኙ ነገር የማረጋገጫዎች ብዛት ሳይሆን ማረጋገጫዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆናቸው እንደሆነ ያሳያል።

1. መግቢያ

የመንገደኞች አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ዋናው አብራሪና ረዳት አብራሪው ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ወርዶ የአውሮፕላኑን ውጫዊ አካል ሲመረምር፣ ሌላው በአብራሪዎች ክፍል ሆኖ መሣሪያዎቹን ያዘጋጃል። የክፍፍሉ ዓላማ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያገኘው ጭምር ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት ሰው ለምን ይሳሳታል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ሰው ስሕተቱን ለምን አላገኘውም የሚለውም ጥያቄ ነው።

2. መሣሪያው በራሱ የሚያውቀውና የማያውቀው

የኢነርሺያ አቅጣጫ መሪ ሥርዓት በጋይሮስኮፖችና በፍጥነት ለውጥ መለኪያዎች አማካይነት አውሮፕላኑ ከመነሻ ነጥቡ ወደየትና ምን ያህል እንደተጓዘ ያሰላል። መነሻው ከተሳሳተ ስሌቱ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ውጤቱ ይሳሳታል።

ሥርዓቱ አውሮፕላኑ በቆመበት የምድርን ሽክርክሪት ስለሚለካ፣ ኬክሮሱን በራሱ ገምቶ አብራሪው ካስገባው ጋር ማመሳከር ይችላል። ኬንትሮስን ግን በዚህ መንገድ ሊደርስበት አይችልም። በአንድ ኬክሮስ ላይ ባሉ ቦታዎች ሁሉ የሽክርክሪቱ ልክ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ምሥራቁን ከምዕራብ የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለሆነም ኬንትሮስ ከሰው ወይም እንደ ጂፒኤስ ካለ ሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። የሰው ስሕተት እጅግ አደገኛ የሚሆነው መሣሪያው ራሱን ሊያርም በማይችልበት በዚህ ስፍራ ነው።

3. ሁለቱ አጋጣሚዎች

3.1 ሲድኒ፣ 2015

መጋቢት 10 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የኤርኤዢያ ኤክስ ኤርባስ ኤ330 ከሲድኒ ወደ ኩዋላ ላምፑር ለመብረር ተዘጋጀ። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ የዋናው አብራሪ የጆሮ መከላከያ ባለመገኘቱ የውጭውን ምርመራ ረዳቱ አከናወነ፤ ዋናው አብራሪም በወትሮው የረዳቱ የሆነውን የክፍል ውስጥ ዝግጅት ተረከበ። የአውሮፕላኑን ቦታ ሲያስገባ በ15109.8 ምሥራቅ ፈንታ 01519.8 ምሥራቅ ጻፈ። የአኃዞቹ ዓይነት አልተለወጠም፤ ዜሮዋ ብቻ ከመካከል ወደ ፊት ተዛወረች። በዚህም ሳቢያ ሥርዓቱ ሲድኒ የቆመውን አውሮፕላን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከኬፕ ታውን በስተምዕራብ ባለው ውቅያኖስ ላይ እንዳለ ቆጠረው።

ስሕተቱ ሊታወቅባቸው የሚችሉ በርካታ አጋጣሚዎች አለፉ። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ከመሥመሩ ወጥቶ የጎረቤቱን መንደርደሪያ የመነሻ መሥመር አቋረጠ። አብራሪዎቹ በአየር ላይ ችግሩን ለማስተካከል ያደረጉት ሙከራ ሥርዓቶቹን ይበልጥ አዳከመ። የሲድኒ አየር ሁኔታ ለመመለስ ስላልፈቀደ፣ በዓይን እያዩ ለማረፍ ወደሚቻልበት ወደ ሜልበርን አቀኑ። ጉዳት የደረሰበት ሰው አልነበረም።

3.2 ማራባ፣ 1989

መስከረም 3 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የቫሪግ ቦይንግ 737-200 በብራዚል ከማራባ ወደ ቤሌም፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ ሊበር ነበር። በበረራ ዕቅዱ ላይ አቅጣጫው በአራት አኃዝ 0270 ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጉሙ 27.0 ዲግሪ ነው። ዋናው አብራሪ 270 ብሎ አነበበው፤ ይህም ምዕራብ ነው። ከውጭ ምርመራ የተመለሰው ረዳት አብራሪ ዕቅዱን ከማንበብ ይልቅ የአለቃውን መሣሪያ አይቶ የራሱን በዚያው ልክ አስተካከለ። ከአንድ ሰዓት በታች የሚፈጀው ጉዞ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀጠለ። በመጨረሻም ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ በጨለማ በጫካ ላይ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 54 ሰዎች አብዛኞቹ ቢተርፉም የሞቱ ነበሩ።

4. ውይይት

ሁለት አጋጣሚዎች የስሕተቱን ድግግሞሽ ሊያመለክቱ አይችሉም፤ ስሕተቱ የሚሄድበትን መንገድ ግን ያሳያሉ። በሁለቱም የተዛባው የአኃዝ ቦታ ነው፤ በሁለቱም አንደኛው አብራሪ ውጭ ሳለ ሌላው ብቻውን የወሰነው በሰዓቱ አልተፈተነም። በማራባ ሁለት መሣሪያዎች ተስማምተው ይታዩ ነበር፤ ይሁንና ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ እንጂ ምስክር አልነበረም።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ አረጋጋጩ ስክሪኑን ሳይሆን ዋናውን ሰነድ በቅድሚያ ማንበብ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የሥራ ድርሻ ከተለዋወጠ ማረጋገጫው ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር አለበት፤ ለውጡ ቀላል ቢመስልም የለመደ እጅን ከለመደው ሥራ ይለያልና። ሦስተኛ፣ የአኃዝ አጻጻፍ በሰነዱና በመሣሪያው ላይ አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል።

የተሻሻለ የበረራ ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሲድኒውን ዓይነት ስሕተት እንደሚከላከል ምርመራው አመልክቷል፤ ያ አውሮፕላን ግን አልተገጠመለትም ነበር። ሆኖም ጂፒኤስም ሊታወክ ወይም በሐሰተኛ ምልክት ሊሳሳት ስለሚችል፣ አንዱን ምንጭ በሌላ ብቸኛ ምንጭ መተካት ጥያቄውን አይዘጋውም።

5. ማጠቃለያ

የቅድመ በረራ ስሕተትን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ መሬት ላይ ሳለ መያዝ ግን ይቻላል። ለዚህም ሁለተኛው ዓይን ከመጀመሪያው የተለየ ነገር ማየት አለበት። የአብራሪዎች ሥልጠናም ሆነ የመሣሪያዎች ንድፍ በዚህ መለኪያ ሊመዘን ይገባል።