አንጎልን ስለሚጐዳ የቢንቢ በሽታ

ቢንቢ ወደ ሰው የምታመጣው በሽታ ወባ ብቻ አይደለም። ቫይረስ የሚባሉ እጅግ ረቂቅ የበሽታ ዘሮችንም ታስተላልፋለች፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ይጐዳሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የምዕራብ ናይል ቫይረስ ነው። በ1937 (በዚህ የተጻፉት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኡጋንዳ በምዕራብ ናይል አውራጃ ትኩሳት ከያዛት ሴት ደም ስለ ተገኘ በዚያው አገር ስም ተጠራ።

የቫይረሱ ማደሪያ ወፎች ናቸው። ኩሌክስ የምትባለው ቢንቢ የታመመውን ወፍ ደም ትመጥና ኋላ ሰውን ወይም ፈረስን ስትነድፍ በሽታውን ታስገባበታለች። ዳሩ ግን በሰው ደም ውስጥ ቫይረሱ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሌላይቱ ቢንቢ ከበሽተኛው ወስዳ ወደ ጤነኛ አታደርሰውም፤ እንግዲህ በሽተኛውን ፈርቶ መሸሽ ያለ ምክንያት ነው።

ከተያዙት ሰዎች ከመቶው 80 የሚያህሉት ምንም አይሰማቸውም፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟቸው ይድናሉ። ከ150 ሰው በአንዱ ገደማ ግን ቫይረሱ ወደ አንጎል ይገባል። ያን ጊዜ አንገት ይደርቃል፥ በሽተኛው ይቃዣል፥ ይንቀጠቀጣል፥ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ይዝላል። ሽማግሌዎች ይልቁን ይጐዳሉ።

በ1999 በኒውዮርክ ከተማ ሽማግሌዎች እንዲህ ሲታመሙ፥ ሐኪሞች በመጀመሪያ ሌላ የታወቀ የአንጎል በሽታ መሰላቸው። በዚያው ወራት ቍራዎች በየመንገዱ ይሞቱ ነበር። ትሬሲ ማክናማራ የምትባል በብሮንክስ የአራዊት ማኖሪያ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም፥ የተባለው በሽታ ወፍ የማይገድል መሆኑን አስባ የሞቱትን ወፎች መረመረች፤ በኋላም የወፎቹና የሰዎቹ በሽታ አንድ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዓመት 62 ሰዎች ታመው 7 ሞቱ።

ለዚህ ቫይረስ ፈዋሽ መድኀኒት የለም። ነገር ግን የአንገት መድረቅ የማጅራት ገትርም፥ መቃዠት ደግሞ የማጅራት ገትርና የጽኑ ወባም ምልክት ናቸው፤ እነዚህ ፈጥነው ይገድላሉ፥ በጊዜ ከተደረሰባቸው ግን መድኀኒት አላቸው። በሽተኛው ጋኔን ያዘው ተብሎ ታስሮ ቢያድር፥ ወይም ደሙ ሳይመረመር የወባ ክኒን ብቻ ቢሰጠው፥ ሊድን የሚችለው ሰው ይሞታል። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሊያዘገዩት ግን አይገባም። መምህሩ ይህን ለወላጆች ሲያስረዳ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንደሚያስፈልግ አጥብቆ ይንገር።

ኩሌክስ ከምሽት እስከ ንጋት ትናደፋለች፤ በቆሸሸና በቆመ ውሃም ትፈለፈላለች። ከእንቍላል እስከ ክንፍ ማውጣት በሞቃት አገር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታልና፥ በየግቢው ያለ በርሜልና እንስራ በሳምንት አንድ ጊዜ ተደፍቶ ይታጠብ፤ የቆመውም የቦይ ውሃ ይፍሰስ።