ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የምጣድ አያያዝ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በቤታችሁ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከምን የተሠራ ነው? ከተጋገረበት በኋላስ በምን ይጸዳል?

ለ. ምንባብ

ሀዋታ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ራሃድ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርድ ወንዝ ነው። ወዲያ ማዶ ከማሽላ ሊጥ ስስ ኪስራ ይጋገራል፤ ወዲህ ደግሞ እንጀራ። ሁለቱም ከቦካ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ የሚጋገሩ ስለሆኑ የጋጋሪዎቹ ሥጋት አንድ ነው፤ ይኸውም ሊጡ ከምጣዱ ጋር እንዳይጣበቅ ነው።

የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደ መጣ አይጋገርበትም። አስቀድሞ መሟሸት አለበት። በእሳት እየጋለ በተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የጎመን ዘሩ ቅባት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በሙቀቱም ደርቆ ጥቁርና ለስላሳ ገጽ ይሆናል። ከአንዱ እንጀራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ምጣዱ በማሰሻ የሚታሰሰውም ይህን ገጽ ለማደስ ነው።

እንግዲህ የሸክላ ምጣድ የሚጸዳው በመታጠብ አይደለም። ውሃና ሳሙና የነካው ምጣድ ቅባቱን ያጣል፤ በማግሥቱም እንጀራው ይጣበቅበታል። ከዚህ የከፋው በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው። ውሃው የነካው ክፍል በድንገት ሲኮማተር ሌላው እንደ ጋለ ስለሚቆይ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍረው ነበር። ምጣድ ከባድና ተሰባሪ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይመችም። ከቤቱ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ የአንድ የተሟሸ ምጣድ መሰንጠቅ የዕለት እንጀራን ማጣት ሊሆን ይችላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ገመዱ ከሶኬት ሳይነቀልና ምጣዱ ሳይበርድ መጽዳት የለበትም፤ ውሃ ወደ ሽቦው ከገባ ለሕይወት ያሰጋል።

በአንዳንድ የከተማ ቤቶች የሚታየው ባለ መስታወት ምድጃ ጠባዩ የተለየ ነው። መስታወቱ ሲሞቅ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ስለሚሰፋ ድንገተኛ ሙቀትን ይችላል። ነገር ግን አሸዋና የብረት መፈግፈጊያ ይጭሩታል፤ ከባድ ድስት ቢወድቅበትም ይሰበራል። ሸክላው ቅባት ሲወድ መስታወቱ ግን ቅባት ከቆየበት እየተቃጠለ ይጠቁራል። ስለዚህ ከበረደ በኋላ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ መድረቅ ይገባዋል።

ዕቃን በሚገባ ለመያዝ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሐ. የቃላት ፍች

ማሟሸት — አዲስ የሸክላ ዕቃን ለሥራ ማዘጋጀት
ማሰሻ — ምጣድ የሚታሰስበት ጨርቅ
መኮማተር — መሸማቀቅ፣ መጠኑ መቀነስ

መ. ጥያቄዎች

1. የጎመን ዘር በአዲስ ምጣድ ላይ ምን ያደርጋል?
2. የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ስለ ምን ይሰነጠቃል?
3. የሸክላ ምጣድና የመስታወት ምድጃ አጸዳድ በምን ይለያያል?
4. «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር በማገናዘብ አንድ አንቀጽ ጻፉ።