ምዕራፍ 9፦ ቀበቶውን በራሱ እጅ የፈታው ሻምፒዮን

ካራቴን፣ ቦክስንና ትግልን ባንድ ላይ ባጣመረው የኤምኤምኤ ውድድር ሻምፒዮን የሆኑ ብዙ ናቸው። በሻምፒዮንነት ክብራቸው ላይ እያሉ በቃኝ ብለው የወጡት ግን በጣት ይቆጠራሉ። ካናዳዊው ጆርጅ ሴንት ፒየር አንዱ ነው። ከ28 ግጥሚያዎች 26ቱን አሸንፏል፤ ያሸነፉትን ሁለት ሰዎችም ቆይቶ መልሶ ረትቷቸዋል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ግን ቡጢው አይደለም። እንጀራው በጉልበቱ ላይ የቆመ ሰው ጉልበቱ ሳይከዳው በፊት ምን ማድረግ ይችላል? የሴንት ፒየር ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው።

ከቆሻሻ መኪና እስከ ስታዲየም

ሴንት ፒየር እ.ኤ.አ. በ1981 በኩቤክ ግዛት ተወለደ። በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ልብሱንና ገንዘቡን ይቀሙት ነበር፤ በ7 ዓመቱ ኪዮኩሺን ካራቴ ጀመረ። ከፍ ሲል ቆሻሻ እየሰበሰበና በምሽት ክበብ በር ላይ ባውንሰር ሆኖ እየሠራ ወጪውን ሸፈነ። ጁጂትሱን ከታዋቂው ሬንዞ ግሬሲ ለመማር ከሞንትሪያል ኒውዮርክ ድረስ በአውቶቡስ ይመላለስ ነበር።

በ2004 የዓለም ትልቁን የኤምኤምኤ መድረክ ዩኤፍሲን ተቀላቀለ። በኅዳር 2006 ማት ሂውዝን ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ማንም ያልጠበቀው ማት ሴራ በመጀመሪያው ዙር አሸነፈው። በ2008 ቀበቶውን በሞንትሪያል፣ በአገሩ ሰው ፊት አስመለሰ፤ ከዚያም 9 ጊዜ በተከታታይ አስጠበቀው። በ2011 በቶሮንቶ ሮጀርስ ሴንተር ሲፋለም 55,724 ሰው ታድሟል።

ትልቅ ገበያ፣ ትንሽ ድርሻ

ስታዲየም የሚሞላ ሰው ሀብታም መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይሠራም። ዩኤፍሲ በ2001 የተገዛው በ2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2016 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ተፋላሚዎቹ ከድርጅቱ ገቢ የሚደርሳቸው ድርሻ ከ20 በመቶ በታች እንደነበር በፍርድ ቤት ክርክር የቀረቡ ባለሙያዎች አስረድተዋል። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የተጫዋቾች ድርሻ ግማሽ ያህል ነው።

ተፋላሚው በሕግ ዓይን የድርጅቱ ሠራተኛ ሳይሆን ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው። ብዙውን ጊዜ ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለመቅረቡ፣ ሌላው ለማሸነፉ። ከዚያ ላይ ለማናጀር፣ ለአሠልጣኝ፣ ለልምምድ ቦታና ለግብር ይወጣል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለሚገጥም ሰው ይህ የበልግ ዝናብ ነው፤ መጣ ሲሉት ያባራል። ድርጅቱም የጡረታ አበል የለውም።

ሴንት ፒየር ራሱ ይህን በጉልበቱ አይቶታል። በ2011 መጨረሻ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ በሁለት ግጥሚያዎቹ መካከል ከ18 ወር በላይ አለፈ። ለብዙ ተፋላሚዎች ይህ ያለ ገቢ መቀመጥ ማለት ነው። እሱ ግን ቀድሞ ሌላ በር ከፍቶ ነበር፤ እንደ አንደር አርመርና ጌቶሬድ ካሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የስፖንሰር ውል ነበረው። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ መናገሩ፣ ተቃዋሚውን አለመሳደቡና ሱፍ መልበሱ በእነዚህ ኩባንያዎች ዘንድ እንዲፈለግ ረድቶታል። ቆይቶም የፊልሙን ዓለም ተቀላቀለ፤ በ2014 በወጣው የካፒቴን አሜሪካ ፊልም ባትሮክ የተባለውን ክፉ ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል።

ሁለት ሻምፒዮኖች፣ ሁለት አወጣጥ

በኅዳር 2013 ሴንት ፒየር ጆኒ ሄንድሪክስን በጠባብ የዳኞች ነጥብ አሸነፈ፤ ብዙ ተመልካች ግን ተሸንፎ ነበር ብሎ ያምናል። በማግሥቱ ወር የ32 ዓመቱ ሻምፒዮን ቀበቶውን ለቀቀ። አራት ዓመት አርፎ በ2017 ተመለሰና ከፍ ባለ የክብደት ደረጃ ማይክል ቢስፒንግን አንቆ ሁለተኛ ቀበቶ ወሰደ። የትልቁ አንጀት ቁስለት ስለታወቀበት ያንንም በወር ገደማ መለሰው። በየካቲት 2019 በሞንትሪያል ቤል ሴንተር ጋዜጠኞችን ጠርቶ ጓንቱን ሰቀለ።

ቸክ ሊዴል ሌላ መንገድ ሄደ። በካሊፎርኒያ የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ ከ2005 እስከ 2007 በሌላ የክብደት ደረጃ የዩኤፍሲን ቀበቶ የያዘ ትልቅ ስም ነበር። የመጨረሻ ሦስት የዩኤፍሲ ግጥሚያዎቹን በዝረራ ተሸንፎ በ2010 ተሰናበተ። ድርጅቱ የሥራ አስፈጻሚነት ቦታ ሰጠው፤ በ2016 የድርጅቱ ባለቤት ሲቀየር ቦታውም አብሮ ቀረ። በ2018፣ በ48 ዓመቱ፣ ከቀድሞ ተቃዋሚው ቲቶ ኦርቲዝ ጋር ለመጋጠም ተመለሰና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ለመመለሱ ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሁለተኛ ሥራው የተመሠረተው በአንድ ቀጣሪ በጎ ፈቃድ ላይ ነበር።

ውሉ ከጡረታ በኋላም ይከተላል

ሴንት ፒየርም ቢሆን ሁሉን አላመለጠም። በ2015 ዩኤፍሲ ለሁሉም ተፋላሚ የሪቦክ መለያ አስገደደ፤ ሌላ ስፖንሰር ይዞ መድረክ ላይ መውጣት ተከለከለ። ሻምፒዮኑ በአንድ ግጥሚያ 40,000፣ ጀማሪው 2,500 ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። በ2016 ሴንት ፒየር ጠበቃ ይዞ ውሌ አብቅቷል ብሎ ተከራከረ፤ ከባልደረቦቹ ጋርም የተፋላሚዎች ማኅበር ለማቋቋም ሞከረ። ማኅበሩ ግን ሥር አልሰደደም።

በጣም የሚያስገርመው በ2021 የሆነው ነው። ጓንቱን ከሰቀለ ሁለት ዓመት በኋላ ከቀድሞው ቦክሰኛ ኦስካር ዴ ላ ሆያ ጋር የቦክስ ግጥሚያ ቀረበለት። ዩኤፍሲ አልፈቀደም፤ ጡረታ የወጣው ሰው ውሉ ገና አልወጣም ነበርና። ሌሎች ተፋላሚዎች ስለ ክፍያቸው በዩኤፍሲ ላይ በ2014 የጀመሩት ክስ ደግሞ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው በ2025 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዘፋኝም ሁን ሯጭ፣ ሾፌርም ሁን ነርስ፣ የፈረምከውን ውል ዛሬ ማታ አውጣና ሦስት ነገር ፈልግበት፦ መቼ እንደሚያበቃ፣ ከለቀቅክ በኋላ ምን እንደሚከለክልህ፣ ብትጎዳ ወጪህን ማን እንደሚሸፍን። ከሦስቱ ለአንዱ መልስ ካጣህ፣ ቀጣዩን ፊርማህን ከማኖርህ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳየው።