ታሞ የዳነ ሰው ለታመመው የሚያደርገው ረድኤት

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቁጣ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ወደ እርሱ የተላከው መልአክ ያደረገውን ልብ ብለን እንመልከት። አልገሠጸውም፤ ስለ ሃይማኖቱ ድካምም አልጠየቀውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው። ነቢዩ 40 ቀን ከተጓዘ በኋላ ብቻውን እንደ ቀረ በምሬት ሲናገር እግዚአብሔር ሰማው፤ እንደ እርሱ የጸኑ 7 ሺህ ሰዎች መኖራቸውንም ነገረው፤ ኤልሳዕንም ባልንጀራ አድርጎ ሰጠው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ምግብ፥ እንቅልፍ፥ መንገድ፥ ንግግርና ባልንጀራ በየተራቸው አሉ። ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ አእምሮው በታመመ ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ማዳን አይቻልም። ዛሬ ልንናገርበት የፈለግነው ግን ስለ መጨረሻው፥ ይኸውም ስለ ባልንጀራው ነው።

የአእምሮ ሕመም ደርሶበት የተሻለው ሰው፥ ጥቂት ትምህርት ተሰጥቶት፥ ገና በሕመም ውስጥ ያለውን ሰው ቢረዳው ሐኪሙም ካህኑም የማያገኙትን አንድ ነገር ያገኛል፤ እርሱም መታመን ነው። ክሊፈርድ ቢርስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ታሞ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ሦስት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፥ በ1908 የደረሰበትን ሁሉ ጽፎ አሳተመ፤ ለሕሙማን የሚከራከር ማኅበርም አቋቋመ። በአገራችንም ሕመሙ ያገኛቸው ሰዎች በአዲስ አበባ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ስለ ራሳቸው በራሳቸው አንደበት መናገር ጀምረዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዕብድ የተባለ ሰው በአደባባይ ሲናገር መስማት ለእኛ አዲስ ነውና።

ይህን ነገር በተለይ ስለ ጅግጅጋና በዙሪያዋ ስላሉት ከተሞች እንድናስብበት የሚያስገድድ ምክንያት አለ። ከካራማራ ተራራ ወዲያ ያለው አገር በ1970 ዓ/ም ጦርነት ተፈራርቆበታል። ቀብሪ በያህ ከ1983 ዓ/ም ጀምሮ፥ በኋላም አው በሬና ሸደር፥ ከሶማሊያ የተሰደደውን ሕዝብ ተቀብለዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ/ም በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ካህናት ተገደሉ፥ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው ሸሽገው ያተረፉ የሶማሌ ቤተ ሰቦችም ነበሩ። የተቃጠለውን ሕንፃ መልሶ መሥራት ይቻላል፤ በሌሊት የበር ድምፅ ሲሰማ ከአልጋው ዘልሎ የሚነሣውን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል?

እንዲህ ያለው ሰው ሕመሙን ሕመም ብሎ ላይጠራው ይችላል። የሶማሌ ሰው ጭንቀቱን ወልወል፥ ኀዘኑን ሙሩግ ይለዋል፤ ዋሊ የሚለው ስም ግን ዕብደት ማለት ስለ ሆነ ማንም በራሱ ላይ ሊያወርደው አይወድም። ክርስቲና ዛሮውስኪ የተባሉ ተመራማሪ በድሬ ዳዋ አቅራቢያ በሁርሶ ወደ አገራቸው ከተመለሱ የሶማሌ ስደተኞች ጋራ ተቀምጠው ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2004 አሳትመዋል። እነዚያ ሰዎች ስለ መከራቸው ሲናገሩ በውስጣቸው ስላለ ሕመም ሳይሆን ስለ ተወሰደባቸው ሀብት፥ ስለ ደረሰባቸው ግፍና ስለ ቁጣቸው ይናገሩ ነበር። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ አጽናኝ ሕመምህን ንገረኝ ቢለው መልስ የማያገኝበት ምክንያት ይህ ነው። ያንኑ ንብረት ያጣ፥ በዚያው ሌሊት የሸሸ ሰው ግን ቃሉን ያውቀዋል።

ሌላው ነገሩን የሚያከብደው ጫት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሐርጌሳ ከተማ የታተመ ጥናት፥ ጫትን በልጅነት መጀመርና አብዝቶ መቃም ከጽኑ የአእምሮ ሕመም ጋራ ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል። ጫት አሳመመው ወይስ የታመመው ሰው ጭንቀቱን ለመርሳት ጫት አበዛ ብለን ብንጠይቅ፥ በአንዱ ሰው ይህ፥ በሌላው ያ ይሆናል። በዚህም ረገድ የባልንጀራ ኃይል የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በአክሮን ከተማ ሁለት ሰካራሞች፥ አንዱ የአክሲዮን ነጋዴ፥ ሁለተኛው ሐኪም፥ እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁ መጠጥ ለመተው በመቻላቸው ዛሬ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የሰካራሞች መረዳጃ ማኅበር ተጀመረ። የሚያስገርመው ሁለተኛው ሰው ሐኪም ሆኖ ሳለ ራሱን ሊያድን አለመቻሉ ነው።

ነገሩ በአገራችን እንደሚሠራም ማስረጃ አለ። በሶዶ ወረዳ አካባቢ ከሕክምናው በተጨማሪ፥ አስቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ያልተማሩ የአገሩ ተወላጆች ጽኑ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኙ፥ ከቤተ ሰብና ከጎረቤት ጋራ እያስታረቁ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እነዚህ ኑሯቸው እንደ ተሻለ ያመለክታል። ረጂዎቹ ራሳቸው ታመው የዳኑ አልነበሩም፤ ነገር ግን ጎረቤት በጥቂት ትምህርት ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የባልንጀራው ሥራ ምንድን ነው? አስቀድሞ እኔም ታምሜ ነበር ብሎ መናገር ነው፤ ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ከዚያም በልተሃልን፥ ተኝተሃልን ብሎ መጠየቅ፥ ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አብሮ ሄዶ ተራ መጠበቅ፥ በሰንሰለት የታሰረ ቢኖር ለቤተ ሰቡ በትሕትና ማስረዳት ነው። የሰማውን ለሌላ አያወራም። ሕሙሙ ስለ መሞት ቢናገር ብቻውን አይተወውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያደርሰዋል። ከእርሱ ዐቅም በላይ የሆነውን እኔ እበቃዋለሁ ብሎ መያዝ ፍቅር ሳይሆን ድፍረት ነው።

በጸበል ስም መድኃኒት የሚያስጥሉ ሰዎች ግን ብዙ ጉዳት አድርሰዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወተ ሥጋ ሳሉ የኤድስ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋራ አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል፤ ለአእምሮ ሕሙም ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ክርስቲያኑ ዕድርና የጽዋ ማኅበር አለው፤ የሶማሌ ሴቶችም ሀግባድ የሚሉት ዕቁብ አላቸው፤ በ2010 ዓ/ም ጎረቤት ለጎረቤት በሩን እንደ ከፈተ ሁሉ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቤት ቢቀመጡ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። አንድ ምክር ብቻ እንጨምራለን። ስብሰባው በጧት አይሁን። ጫት ለመተው የሚታገለው ሰው የሚጨነቀው ከቀትር በኋላ፥ ባልንጀሮቹ ሊቅሙ በሚቀመጡበት ሰዓት ነውና፥ ቡናውም እንጀራውም በ9 ሰዓት ይቅረብ።