አዳነ ግርማና የጎደለው ሰው ቦታ

የቲም ልጅ ኳስ ሲያሳድድ የሚያዩ አሳዳጊዎች «ለዚህ ነው እንዴ የምንደክመው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን መልሱን ከሐዋሳው ልጅ ከአዳነ ግርማ እንጀምራለን።

አዳነ በሐዋሳ ከነማ ተጫውቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሻገረ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እርሱና ሳላዲን ሰዒድ ባስቆጠሯቸው ግቦች ሱዳን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ጥር 13 ቀን፣ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂው በረኛ እንዲገባ ሌላ ተጫዋች ቦታውን ለቀቀ። ግብም ተቆጠረባቸው። የቀሩት ግን ክፍቱን ቦታ እየተፈራረቁ ሸፈኑት፤ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ የአቻነቱን ግብ አስቆጠረ። (የቡርኪና ፋሶውን 4 ለ 0 ለጊዜው እንተወው።)

አባት የሌለበት ቤትም እንደዚያ ሜዳ ነው፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ መምህር እየተፈራረቁ ይሸፍኑታል። ልጁ ከዐስር ሶላት በኋላ ይጫወት። ጫማውን የሚገዛለት አይጠፋም፤ መግሪብ ላይ ቤት ጠብቆ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ግን በየሰፈሩ እንፈልጋለን።