ቆጣሪ የሌለው ቤተሰብ በድጎማ መዝገብ

የርዳታ ዝርዝር የሚያዘጋጅ የሰበካ ጉባኤ ሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዝርዝራችን የሚነሣው ከሰው ነው ወይስ ከመዝገብ የሚለው ነው። ለዚህ ዕትም ጥናት የመረጥነው ምሳሌ የብሪታንያ ነው።

በዚያች አገር ጂፕሲና ትራቭለር የሚባሉ፣ ከጥንት ጀምሮ ከቦታ ቦታ በመዘዋወር የሚታወቁ ማኅበረሰቦች አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ በመደበኛ ቤት ይኖራሉ፤ የቀሩት ግን ኑሯቸው በተጎታች ቤት፣ በተፈቀደ ሰፈር ወይም በመንገድ ዳር ነው። በሰፈሮቹ የኤሌክትሪክ ውሉ ብዙ ጊዜ በሰፈሩ ባለቤት ስም ስለሆነ ነዋሪው ኃይል የሚገዛው ከእርሱ ነው። ብዙዎቹም በሲሊንደር የሚሸጥ ጋዝ ይጠቀማሉ። የተጎታች ቤት ግድግዳ ስስ በመሆኑ ሙቀት አይይዝም፤ በብርድ ወራት ወጪው ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የኃይል ዋጋ ሲንር መንግሥት ለየቤተሰቡ 400 ፓውንድ ድጎማ ፈቀደ። ገንዘቡ ከኦክቶበር ጀምሮ ለስድስት ወራት ተከፋፍሎ በኤሌክትሪክ አቅራቢው በኩል ደረሰ፤ አብዛኛው ሰው ማመልከት እንኳ አላስፈለገውም። ይህን ፍጥነት ልናጣጥል አንሻም። ሆኖም በስሙ ውል የሌለው ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። መንግሥት እንዲህ ያሉት ቤተሰቦች ከ900,000 በላይ እንደሆኑ ገምቶ ልዩ የማመልከቻ መንገድ ቢከፍትም፣ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2023 መጨረሻ፣ ብርዱ ሊያልፍ ሲል ነበር፤ በሜይ 31 ተዘጋ። በቋሚ ሰፈር የሚኖሩት ማመልከት ቻሉ። በመንገድ ዳር የሚኖሩት፣ ማለትም ብርዱ ይበልጥ የሚጎዳቸው፣ ቋሚ አድራሻ ስለሌላቸው አልተካተቱም።

«ትራቭለር አይረዳ» የሚል ደንብ አልወጣም። ቆጣሪው በቤተሰብ ምትክ መቆጠሩ ብቻ በቂ ነበር።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ታሪፍ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች ጭማሪው እንዳይነካቸው ተደርጎ ነበር። ሦስትና አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ግን ፍጆታው ተደምሮ ከዚህ መጠን ያልፋል፤ ድሃዋ ተከራይ ለእርሷ ከታሰበው ዋጋ ትወጣለች።

የእኛስ ዝርዝር? የአባልነት መዝገብን ብቻ ይዞ የሚነሣ ኮሚቴ ያልተመዘገበውን ተከራይ፣ ከሌላ አጥቢያ ተፈናቅሎ የመጣውን፣ በዘመድ ቤት የተጠጋችውን እናት አያገኝም። የንስሐ አባቶች በየቤቱ ስለሚገቡ ከግቢው ጀርባ ማን እንደሚኖር ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ የተነገራቸውን ምስጢር ሳይነኩ «ያችን ቤት አንኳኩ» ማለት ይችላሉ። መታወቂያ ለሌለው ሰው የሁለት ጎረቤቶች ምስክርነት ይበቃል ተብሎ ይወሰን፤ ውሳኔውም ርዳታው ከመታደሉ በፊት በቃለ ጉባኤ ይስፈር።